የጋማ ከብት ዕቃ

የጉምሩኩ ቀረጥ መዳቢ ገብረሥላሴ የተገኘው በመጋዘኑ ጠረጴዛ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ እሱ ራሱ «የጋማ ከብት ዕቃ» ብሎ በመደባቸው ጠፍሮች ታስሮ ነው። ሰፊው ጠፍር ጀርባውን ተጭኖታል፤ ፊቱ በአራት በታጠፈ የቡና ጆንያ ውስጥ ተቀብሯል። ጫማው ከጠረጴዛው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ መነጽሩም በኪሱ ነው። ሐኪሙ አይቶ «ታፍኖ ነው የሞተው» ብሎ ሄደ።

መቶ አለቃ ነጋሳ ሬሳውን ዞሮ ዞሮ አየው። ነጋሳ ሰው ሲናገር ጣሪያ ጣሪያውን የሚያይ መርማሪ ነው፤ ይህ ልማዱ ስንቱን አዋቂ ነኝ ባይ ውሸታም እንዳሞኘው የጅማ እስር ቤት ይቁጠረው።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ የቅርንጫፉ ኃላፊ ጓድ ፈለቀ። «የዕቃው ባለቤት የሰርቦ ክሊኒክ ነርሷ ልያ ናት። ዕቃዬን ያዘብኝ እያለች ስትነታረከው ነበር። አብዮት ጠባቂዎች ይዘዋታል፤ ዛሬውኑ ወደ ላይ ትላካለች።»

በዚያ ዘመን ወደ ላይ ተልኮ የተመለሰ ጥቂት ነው። ነጋሳ በቅድሚያ ላነጋግራት አለ።

«ምንድን ናቸው እነዚህ፣ ሲስተር?»

«የበሽተኛ ማሰሪያ ናቸው። አእምሮው የታወከ ሰው ራሱን እንዳይጎዳ ነው። በእርዳታ ከውጭ መጡልን። እነሱ እስኪለቀቁ በሽተኛውን በመጫኛ ነው የምናስረው፤ ሥጋው እየተላጠ።»

«የሕክምና ዕቃ ቀረጥ የለበትም። እንዴት የበቅሎ ሆነ?»

«እሱን ዕቃ የሚያስወጣልንን ሸኩርን ይጠይቁት።»

«እስቲ እኔን እሰሪኝ።»

የእጁን አንጓ አሰረችና ሁለት ጣቷን አስገብታ ልልነቱን ለካች። «በደረቱ ማንንም አናስርም፤ ይታፈናል። አስረንም ጥለን አንሄድም» አለች።

ሸኩር ገና ሳይጠየቅ ጀመረ። «ኦቦ ነጋሳ፣ ወላሂ ጥፋቱ የኔ ነው! ገብረሥላሴ ምንድን ነው ሲለኝ ‹ማሰሪያ› ልል ነበር። በዚህ ጊዜ የሰው ማሰሪያ አስመጣሁ ብል ማንን ልታስርበት ነው አይሉኝም? ፈሪ ለእናቱ ብዬ የበቅሎ ጠፍር ነው አልኩት። በኋላ ብንለምነው፣ ‹ሲሠራ በዓይኔ ካላየሁ ምድቡን አልለውጥም› አለን።»

ነጋሳ ዓይኑን ከጣሪያው አወረደ። «ትናንት የት ነበርክ?»

«ሸቤ፣ ቡና ስገዛ። እዚያው አድሬ ዛሬ ገባሁ።» ነጋሳ ሸቤ ስልክ አስደውሎ አጣራ፤ እውነት ነበር።

መጋዘን ጠባቂው አልዓዛር ከደቡብ የመጣ ዝምተኛ ሰው ነው። ክሊኒኩን ታውቀዋለህ ወይ ሲባል፣ «ሰርቦ ወርጄም አላውቅ» ብሎ መሬት መሬት አየ።

ከሰዓት ነጋሳ ሰርቦ ወረደ። በክሊኒኩ በመጫኛ የታሰረ አንድ ወጣት አገኘ፤ አንጓው በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ከጉንጩ ሥር በአራት የታጠፈ የቡና ጆንያ አለ።

«ሆሴዕ ይባላል» አለች አስታማሚዋ እታገኝ። «ሌላ ትራስ ብንሰጠው ይወረውራል። ጆንያውን እያጠፈ የሚያመጣለት ወንድሙ ነው።» የወንድሙንም ስም ነገረችው።

ሲመለስ ሁሉንም በጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«ገብረሥላሴ አልታገለም። ጫማውን አውልቆ፣ መነጽሩን ኪሱ ከትቶ፣ በፈቃዱ ተኛ። ሲሠራ ካላየሁ ያለ ሰው ሊያይ ነው። ያሰረችው ልያ ብትሆን በጀርባው ታስተኛው ነበር።»

«ልትገድለው ፈልጋስ ከሆነ?» አለ ፈለቀ።

«ለሚገድሉት ሰው ትራስ አያነጥፉለትም፣ ጓድ። ያሰረው ሰው እንዲሞት አልፈለገም፤ በደረት ማሰር እንደሚያፍንም አላወቀም። ነርስ ይህን ታውቃለች። ሸኩር ሸቤ አድሯል። የመጋዘኑ ቁልፍ ያለው አልዓዛር ጋ ነው። ሰርቦ ወርጄ አላውቅም ያለው አልዓዛር ደግሞ እዚያ የታሰረ ወንድም አለው፤ ጆንያ የሚያጥፍለትም እሱ ነው።»

አልዓዛር ክዶ አልተከራከረም። ሳጥን ላይ ተቀመጠ።

«እሰረኝና ልየው፣ የሰው ከሆነ ነገ እለቀዋለሁ አለኝ። ሆሴዕን ቤት ሳለ እንደማስረው በደረቱ አስተኝቼ አሰርኩት። ‹በቃ ፍታኝ› ሲለኝ ሆሴዕ ትዝ አለኝ። እሱም ፍቱኝ ይላል፤ ማን ሰማው? ትንሽ ይቅመሰው ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ዝም ብሏል... ጆንያውን ጉንጩን እንዳያመው ብዬ ነበር።» ወደ ልያ ዞረ። «ሲስተር፣ እርስዎን ሲወስዱዎት ዝም ልል ነበር። ወንድሜን የሚያስታምሙልኝን! ከገደልኩት ይልቅ ይሄ ነው የሚያሳፍረኝ።»

ልያ አለቀሰች። ሸኩር «በኔ ምላስ ነው» እያለ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ነጋሳም ነገር የፈታ ሰው ደስታ አልተሰማውም፤ ልያን አዳነ፣ ሆሴዕን ግን ያለ ወንድም አስቀረው፤ ይህም ከነከነው።

ገብረሥላሴ የታሰረባቸውን ጠፍሮች ነጋሳ ለፍርድ ቤት አስቀርቶ፣ የቀረውን ሳጥን ወደ ልያ ገፋላት።

«ኧረ ቀረጡ አልተከፈለም!» አለ ጓድ ፈለቀ።

«ገብረሥላሴ ከፍሎታል» አለ ነጋሳ።