በሰዓቶቹ ጀርባ

የሚሠሩበት ክፍል መስኮት አልነበረውም፤ ሙጫና አሲድ ይሸታል። እሷ አዳዲስ የሰዓት ማሰሪያዎችን ታስረጃለች። ለዓመታት ላብ የጠጣ እስኪመስል ድረስ ቆዳውን ኮምጣጤ ውስጥ ትነክራለች፣ በቅባት ታሻለች። እሱ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጦ በሰዓቶቹ ጀርባ ላይ ጽሑፍ ይቀርጻል። ትናንት የተገጣጠመ ፎርጅድ ሰዓት፣ ከአባት የተወረሰ ውድ ዕቃ ተብሎ የሚሸጠው በሁለቱ እጅ ካለፈ በኋላ ነው።

የተግባቡት መርፌ ጣቷን የወጋት ቀን ነው። በመሐረቡ አሰረላት።

«ደምሽ ማሰሪያው ላይ ቢንጠባጠብ ኖሮ ዋጋው ይጨምር ነበር» አላት።

«ያንተንም እንጨምርበታ።»

ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ሥራቸውን ትተው ሲተያዩ አለቃቸው ጉሮሮውን ይጠርጋል።

ቤት ስትገባ እናቷ እጇን ይዛ ታሸታለች። «ልጄ፣ ይሄ ነገር በሳሙናም አልለቅ አለ እኮ። ያ ልጅስ? እሱም ኑሮው ይሄው ነው?»

«ልንተወው ነው እማ። የራሳችንን የጥገና ሱቅ እንከፍታለን።»

ይህን ከልቧ ታምን ነበር።

ከሥራ ስትወጣ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ትጠብቀዋለች። አለቃው ስለሚያስቀረው ይዘገያል። አንድ ቀን ዝናብ ሲወርድባት እየሮጠ መጣ።

«ምነው አልሄድሽም?»

ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ «ብትዘገይም መምጣትህን አውቃለሁ» አለችው።

እጇን ይዞ ኪሱ ውስጥ ከተተው። እንዲህ ያለ ቃል ለማንም ተናግራ አታውቅም።

ብዙም ሳይቆይ ማሰሪያ እንድትሰፋለት አንድ ሰዓት ጠረጴዛዋ ላይ ተቀመጠ። ገለበጠችው። «ብትዘገይም መምጣትህን አውቃለሁ» ይላል። ትሪው ላይ ያሉትንም ገለበጠች። ሁሉም እንደዚያው ይላሉ። ፊደሎቹ ያረጁ እንዲመስሉ ተፍቀው፣ ጥቁር ቅባት ተሞልቶባቸዋል።

አንዱን ሰዓት ይዛ ወደ እሱ ዞረች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

አላፈረም። እንዲያውም ደስ ብሎት ቀና አለ። «ገዢዎች ሲያነቡት እንባቸው ይመጣል። እኔ ከራሴ ባወጣ እንዲህ አያምርም። ለሱቃችን ብዬ ነው፣ የኔ ቆንጆ።»

«እኔን ሸጠህ ነው ሱቅ የምትከፍትልኝ?»

«አንቺን ማን ነካሽ? ቃል እኮ ነው።» ፊቷን ሲያይ ድምፁ ወረደ። «እሺ፣ እፍቀዋለሁ።»

«ስትቀርጸው እጅህ ትንሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም?»

እጁን ሊዘረጋላት ሲል ጥፍሮቹ ሥር የገባውን ጥቁር ቅባት አየች። በዝናቡ ቀን የያዛት ያው እጅ ነው። ቀፈፋት።

ካፖርቷን አንስታ ወጣች፤ የመጣውን አውቶቡስ ተሳፈረች። ሾፌሩ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ።

«የሚሮጠው ያንቺ ሰው ነው? ልጠብቀው?»

እንደሚመጣ ታውቅ ነበር።

«አይደለም» አለችው።

ቤት ስትደርስ እናቷ እንደ ወትሮዋ እጇን ይዛ አሸተተች።

«ዛሬም ይሸታል።»

«ይለቃል፣ እማ» አለቻት።