ጎማውን የቆለፈልኝ ሰው

ይህን የምጽፍላችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። ሆኗል። በእኔ በሹፌሩ በኑሪ ላይ ሆኗል። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው።

ነሐሴ 1988 ዓ.ም.። ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል። ቦታው የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም ሳይታሰብ ሁሉም እርሻ በነበረበት ጊዜ።

የሰባት ዓመት ልጄን ሱሀይላን ከአክስቷ ቤት ይዣት እየተመለስኩ ነው። የምነዳው የአለቃዬን አሮጌ ላንድክሩዘር ነበር፤ እሷ ጋቢና ከጎኔ ተቀምጣለች። ዝናቡ አባርቶ ጉም ወርዷል። ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ ምንም አይታይም።

ከኮረኮንቹ ወጥተን ጥቁር አፈሩ ውስጥ እንደገባን መኪናዋ ተንሸራታ ቆመች። የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት ይሽከረከራሉ...

የዛሬ መኪና ቁልፍ ትጫናላችሁ፣ አራቱም ጎማ ይጎትታል። የዚያን ጊዜዋ ግን ወርዳችሁ በእያንዳንዱ የፊት ጎማ መሃል ያለውን ክብ መቆለፊያ በእጃችሁ ማዞር አለባችሁ። ጭቃ ላይ ትቆልፋላችሁ። አስፋልት ስትወጡ ወርዳችሁ ትፈታላችሁ። ያለዚያ ስትታጠፉ መሪው አልታዘዝ ይላል፣ ካምቢዮውም ይሰበራል።

"እንዳትወርጂ፣ ጫማሽ ይበላሻል" አልኳት።

ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ዋጠኝ። የግራውን ቆለፍኩ። ወደ ቀኙ ልዞር ስል ሱሀይላ ጠራችኝ።

"አባቢ..."

"ወዬ።"

"ሰውዬው በዚህ በኩል ጨርሷል።"

"የቱ ሰውዬ?"

"ጎንበስ ያለው።"

ዞሬ ሄድኩ። ማንም የለም። የቀኙ ጎማ ግን ተቆልፏል። መቆለፊያው ላይ የጣት ምልክት አለ፣ ጭቃው ገና ይንጠባጠባል...

መሬቱ ላይ የእግር ዱካ አልነበረም።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። እኛ ሹፌሮች ጭቃ ላይ የረዳንን ሰው ጥለነው አንሄድም። ወጋችን ነው። የሰፈሩ ገበሬ ይሆናል፣ አፍሮ ነው ብዬ ወደ ጉሙ ጮህኩ።

"ወንድሜ፣ አላህ ይስጥልኝ! ግባ፣ አስፋልት ድረስ ላድርስህ!"



ጋቢና ገብቼ የአራቱን ጎማ ማርሽ አስገባሁ። ልነሳ ስል የኋላው በር ተከፍቶ ተዘጋ።

መኪናዋ ከኋላዋ ዝቅ አለች፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥባት እንደምትሆነው።

በመስተዋቱ አየሁ። የኋላው ወንበር ባዶ ነው... ግን መሃሉ ጎድጎድ ብሏል። አዲስ የተቆፈረ አፈር ሸተተኝ።

በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። መቆም ደግሞ አይቻልም፤ ጭቃ ላይ ከቆማችሁ ቀራችሁ። ነዳጅ ሳላበዛ፣ ማርሽ ሳልቀይር፣ ቢስሚላህ እያልኩ ነዳሁ።

"አባቢ..." አለች በሹክሹክታ።

"ምነው?"

"ስሜን ጠየቀኝ።"

"ነገርሽው?"

"አዎ።"

ሲኤምሲ ጋ አስፋልቱን ያዝን። ስታጠፍ መሪው ከበደኝ፣ ጎማው ሲጢጥ አለ። ወርጄ መፍታት አለብኝ። ልጄን ግን ከዚያ ነገር ጋር ብቻዋን ጥያት አልወርድም።

በሬን ከፍቼ ወረድኩ። ዓይኔን ከኋላው ወንበር ሳልነቅል እጄን ዘረጋሁላት።

"ነይ፣ እቀፊኝ።"

ሁለት እጆች አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። አነሳኋት። የኋላውን ወንበር አየሁት... ጎድጎዱ የለም። ተመልሶ ሞልቷል።

ወርዶልኛል አልኩ። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

እንዳቀፍኳት የግራውን ፈታሁ። ዞሬ የቀኙ ጋ ጎንበስ አልኩ።

ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ...

ከበላዬ መስኮቱ ይንኳኳል። ቀና አልኩ።

ሱሀይላ ናት። በቀይ ሹራቧ፣ ወንበሯ ላይ፣ ሁለት መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጥፋ።

"አባቢ... ማንን ነው ያቀፍከው?"

አንገቴ ላይ ያሉት እጆች ጠበቁ።  በጆሮዬ፣ በልጄ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ።

"ሱሀይላ እኮ እኔ ነኝ።"

እንዴት እንዳሽቀነጠርኩት፣ እንዴት ገብቼ እንደነዳሁ አላውቅም። ቦሌ ቤታችን እስክንደርስ የልጄን እጅ አልለቀቅኩም። 

ባለቤቴ ሐሚዳ በር ላይ ተቀበለችን። ልጅቷን በርጩማ ላይ አስቀምጣ እግሯን ልታጥባት ጫማዋንና ካልሲዋን አወለቀች።

"ኑሪ! ምነው ልጅቷን በባዶ እግሯ ጭቃ ውስጥ አስኬድካት?"

ልጄ ከመኪናዋ አልወረደችም። ጫማዋ ደረቅ ነው። ነጭ ካልሲዋም ንጹሕ ነው።

ሐሚዳ ውሃውን ሦስት ጊዜ ቀየረች። ከልጅቷ የእግር ጣቶች መሃል ጥቁር አፈር ይወጣል... ደግሞ ይወጣል... አስፋልቱ ላይ ያሽቀነጠርኩት ማንን ነበር?

ልጅቷ ግን እግሯን አታይም። ፈገግ ብላ እኔን ታየኛለች።