የብራይሊ ሦስተኛ ምርጫ

«ታምዬ፣ ስሚኝ፣ ባትሪዬ ሊያልቅ ነው» አለች ብራይሊ። ለውድድር የሚሄዱት ልጆች አውቶቡሱ ውስጥ ሲዘፍኑ ይሰማል። «የዩኒቨርሲቲ ምርጫዬን አስተካክዪልኝ። ዛሬ ነው የሚዘጋው፣ እዚህ ደግሞ ኢንተርኔት አልሠራ ብሎኛል። የይለፍ ቃሌን ታውቂው የለ?»

ታምሲን ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ይዛ፣ አባቷ መጋዘን ውስጥ፣ እሱ ለገበያ ወንዝ ውስጥ የሚያረባቸውንና ዛጎላቸው ተጣብቆ ያደጉትን ኦይስተሮች በቢላ እያላቀቀች ነበር። «ምኑን ላስተካክል?»

«ሦስተኛ ላይ ያለውን ባዮቴክኖሎጂ ወደ አንደኛ አምጪው። እናቴ ናት የጨቀጨቀችኝ፣ ታውቂያት የለ። ውለታሽ አለብኝ፣ እሺ?»

«እሺ» አለች ታምሲን። ስልኩ ተዘጋ።

የብራይሊ እናት ምንም አልጨቀጨቀችም። ታምሲን ይህን ከትናንት ጀምሮ ታውቃለች። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን የምታማክረው ሚስ ፓስኮ ኮሪደር ላይ አግኝታት «ጓደኛሽ ስኮላርሺፑን አገኘች፣ ደስ አይልም? ባዮቴክን አንደኛ ማድረግ ብቻ ነው የቀራት» ብላታለች። በዓመት ለአንድ የወንዙ ዳር ልጅ ብቻ የሚሰጥ፣ የአራት ዓመቱን ክፍያ የሚሸፍን ስኮላርሺፕ ነው። ማመልከቻው ከተዘጋ ወር አልፎታል። ታምሲን መኖሩንም አልሰማችም ነበር።

ባዮቴክን የፈለገችው መጀመሪያ እሷ ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት ወንዙ ውስጥ በሽታ ገብቶ የአባቷን ኦይስተር ከአሥር ስምንቱን ሲፈጅ፣ በሽታውን የሚቋቋም ዘር የሚያወጡት ሰዎች ምን እንደተማሩ ጠይቃ አወቀች። ብራይሊ ግን አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ወረቀት አውጥታ ቁጥር ደረደረችላት። መንግሥት ለትምህርቱ የሚያበድረው ዕዳ ሠላሳ ሰባት ሺህ ዶላር። የጀማሪ ላብራቶሪ ሠራተኛ ደመወዝ ከጀልባው ሥራ ብዙም የማይሻል። ከመጀመሪያው ደመወዝ ጀምሮ ደግሞ መንግሥት ይቆርጣል፣ ለቤት ኪራይ እንኳ አይተርፍም። «አትጃጃይ፣ አባትሽ ጋ ሥሪ» አለቻት። ታምሲንም አምናት ባዮቴክን ከምርጫዋ ሰረዘች።

ትናንት ታምሲን ስለ ዕዳው ስትጠይቃት፣ ሚስ ፓስኮ ነገሩን አላሳመረችላትም። ደመወዙ እውነትም ትንሽ ነው። ዕዳውም እውነት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሚከፈለው ይልቅ በየዓመቱ በዋጋ ንረት ልክ የሚጨመርበት ሊበልጥ ይችላል። ነገር ግን ገቢዋ ከተወሰነ መጠን ካላለፈ ማንም ሳንቲም አይቆርጥባትም። ብራይሊ የፎገረቻት በዚህች በአንዷ ነው፣ እሷን ከመንገዱ ዞር ለማድረግ። ያን ሌሊት ታምሲን ጥርሷን እንዳፋጨች አደረች።

አሁን የብራይሊ ነገር እጇ ላይ ወደቀ። መጋዘኑ ጥግ ያለውን ላፕቶፕ ከፍታ የብራይሊን ገጽ አወጣች። ሊዘጋ አርባ ደቂቃ ቀርቶታል። ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም፣ ዝም ማለት ብቻ። ነገ «ሳይቱ እምቢ አለኝ ማሬ፣ ስደውልልሽ ስልክሽ ዝግ ነው» ትላታለች። የብራይሊ ፊት ሲገረጣ ታያትና ደስ አላት። ለምን ደስ አለኝ ብላም አላፈረችም።

አባቷ ዳሬል ሳጥን ተሸክሞ ሲያልፍ ስክሪኑን አየ። «ይሄን አንቺ አልነበርሽ እንዴ የምትፈልጊው?»

«ዕዳ አለው፣ አባዬ። ሠላሳ አምስት ዓመት እስኪሞላኝ ከላዬ ላይወርድ ይችላል።»

«ካልሠራሽስ? ያኔም ይቆርጡብሻል?»

«አይ። ገቢዬ ካነሰ ይጠብቁኛል።»

ዳሬል ሳቀ። «ታድለሽ። የጀልባው ዕዳ እኔን አንድ ወር ጠብቆኝ አያውቅም። ኦይስተሩ ያለቀ ጊዜ እንኳ ባንኩ ቀኑን አላራዘመልኝም።» ሳጥኑን አስተካክሎ ወጣ።

ታምሲን ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠች ቀረች። ብራይሊ ነገ ታለቅሳለች፣ ሳይቱን ትረግማለች፣ ከዚያ መጥታ እሷኑ አቅፋ ትነፋረቃለች። ማን እንደተበቀላት እንኳ አታውቅም። ካላወቀች ደግሞ ምኑን በቀል ሆነ?

ሦስተኛውን ወደ አንደኛ ጎትታ አስቀመጠችው። ከዚያ ከብራይሊ ገጽ ወጥታ የራሷን ከፈተች። የሰረዘችውን መልሳ አንደኛ ላይ ጻፈች። ሠላሳ ሰባት ሺህ ዶላር ብዙ ነው። ብራይሊ በነፃ የምትማረውን እሷ እየከፈለች እንደምትማር ማሰብ አበሸቃት። ቢሆንም ዕዳው ይጠብቃታል፤ ብራይሊ ደግሞ አራት ዓመት ሙሉ አጠገቧ ትቀመጣለች፣ የትም አታመልጣትም። አስገባው የሚለውን ተጫነች።

ስልኳን አንስታ ጻፈች፦ «አንደኛ አድርጌልሻለሁ። የራሴንም አንደኛ አድርጌዋለሁ። ሚስ ፓስኮ ስለ ስኮላርሺፑ ነግራኛለች። ክፍል ቀድመሽ ከገባሽ ከጎንሽ ቦታ ያዢልኝ።»

አንድ ጊዜ ደግማ አነበበችውና ላከችው።