የዶን ኤርሚኒዮ ጫማ

ዶን ኤርሚኒዮን ከካዜርታ ቤተ መንግሥት ረጅም ገንዳ አውጥተው ሣር ላይ ሲያስተኟቸው ባዶ እግራቸውን ነበሩ። ጫማቸው ገንዳው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ ካልሲው ውስጡ ተወትፏል።

ኑንዚያ ጫማውን አየችው። ጠዋት ከናፖሊ ባቡር ሳይሳፈሩ ያሰረችላቸው እሷ ናት። አጎቷ ጎንበስ ማለት ካቃታቸው ቆይቷል።

«ማነው ጫማ የሚያወልቅላቸው?» አለች መርማሪ ሶርቪሎ፣ የፋሲካ ማግስት እረፍቷን ተነጥቃ የመጣች አጭር ሴት።

«እኔ።»

አንዱ ፖሊስ እጁን ካቴናው ላይ አደረገ። ኑንዚያ የታየቻት ልጇ ናት፤ ጎረቤት ትታት፣ በማታው ባቡር እመለሳለሁ ብላት ነው የመጣችው።

«ለምን ብቻቸውን ተውሻቸው?»

«ባርኔጣቸውን ረስተው ነበር፣ ዛፉ ሥር አክስቴ ጋ ላመጣ ሄድኩ። ስመለስ... አሳድገውኛል እኮ!»

«እሷ ናት!» ሳቬሪዮ ጮኸ። የሟቹ ልጅ ነው፤ በዘገየው ባቡር መጣሁ ብሎ፣ አስከሬኑ ከወጣ በኋላ ብቅ ያለ። ፖሊሶቹ አላስጠጉትም። ላቡ በኮቱ ኮሌታ ይንቆረቆራል። «እግርዎን ያቀዝቅዙ ብላ ገፍትራ ከተተችው! አባቴ የፋሲካውን ዳቦ ሳይቀምስ፣ በባዶ ሆዱ!»

ሶርቪሎ አየችው። የሟቹ እህት አሱንታ በፎጣ የተሸፈነ ነገር አቅፈው ወደተቀመጡበት ዛፍ ሄደች።

«እማማ፣ ምንድነው?»

«የፋሲካ ዳቦ። ምን ያደርግልሻል ልጄ?»

ሶርቪሎ ፎጣውን ገለጠችው። ከፊት ዳቦው ላይ የተጋገሩት እንቁላሎች ከነቅርፊታቸው እንደተሰኩ ናቸው። ከኋላ ግን ግማሹ የለም።

አሮጊቷ አቀረቀሩ። «እኛ ቤት በማግስቱ ሽርሽር ሳቬሪዮ ሳይቆርሰው አይነካም፤ የበኩር ልጅ ነዋ። ዘንድሮ ወንድሜ ተናዶበት ‹ራበኝ፣ አምጡት› አለ። ሦስታችንም በላን። ልጁ እንዳይከፋው ብዬ አዙሬ ሸፈንኩት።»

«ለምን ተናደዱበት?»

«የቤቱ ነገር። ለኑንዚያ ሊያወርሳት ነው። ዛሬ ሊነግረው ነበር። እኔ ግን ትናንት ለልጁ... አመለጠኝ።»

ሶርቪሎ ሁሉንም ጫማው ዘንድ ሰበሰበቻቸው። ፖሊሱ ካቴናውን አውጥቷል። ኑንዚያ እጇን ራሷ ዘረጋች፤ የመከራከር አቅም አልነበራትም።

«አትቸኩል» አለችው ሶርቪሎ። «እማማ፣ ወንድምዎ በልተው ውሃ ይነካሉ?»

«አበድሽ እንዴ? በልቶ ቀዝቃዛ ውሃ የነካ እዚያው ይቀራል! ወንድሜ ከበላ ፊቱንም አይታጠብም!»

«ኑንዚያስ ይሄን ታውቃለች?»

«ይሄንኑ እየሰማች አይደል ያደገችው!»

«እንግዲህ ስሙኝ። ጫማውን ያወለቀው ሰው፣ ሽማግሌው እግራቸውን ሲነክሩ ወደቁ እንድንል ነው የፈለገው። አብሯቸው የበላ ሰው ይሄን ውሸት አይመርጥም፤ ማን ያምነዋል? የመረጠው፣ አልበሉም ብሎ እርግጠኛ የሆነ ነው። እኔ ሳልቆርስ ማን ይቆርሳል ያለ።»

ሁሉም ወደ ሳቬሪዮ ዞሩ።

«በዘገየው ባቡር ነው የመጣሁት አልኩሽ!»

«ኮትዎን ያውልቁ።»

«በርዶኛል።»

«በዚህ ፀሐይ?»

ፖሊሱ ኮቱን ገፈፈው። የሸሚዙ እጅጌ እስከ ክንዱ ርሶ ተጣብቋል።

«ኮትህን አውልቀህ ደፈቅካቸው፣ መልሰህ ለበስክ» አለች፤ እርስዎ ማለቱን ትታዋለች። «አስከሬኑን አላስነካንህም። ይሄ ውሃ ከየት መጣ?»

ሳቬሪዮ ወደ ኑንዚያ ዞረ። «ተወልጄ ያደግሁበት ቤት ነው» አለ። «ለእሷ?»

ካቴናው የእሱ እጅ ላይ ተቆለፈ። አሱንታ ዳቦው ላይ ተደፍተው ያለቅሳሉ፤ ምላሴን በቆረጠው ይላሉ።

«ሂጂ» አለቻት ሶርቪሎ ኑንዚያን፣ «ባቡሩ እንዳያመልጥሽ።»

ኑንዚያ አልሄደችም። ሻርፗን አውልቃ ተንበረከከችና የአጎቷን እግር ማድረቅ ጀመረች፤ በየጣቱ መሃል፣ ቀስ ብላ።

«አንዴ ጠብቂኝ» አለች። «በልተዋል እኮ።»