የዓርብ ምድብ

ኪሩቤል የሞተው ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ የሱፐርማርኬቱ በር እንደተከፈተ ነው። ኢንስፔክተር ሲምቦ ስትደርስ ሬሳው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ሠራተኞቹ «ማሽን» የሚሉት ሣጥን ሥር ተጋድሟል። ደንበኛው ዕቃውን ራሱ አስነብቦ በስልኩ የሚከፍልበት ሣጥን ነው። የኪሩቤል ቀኝ እጅ ወደ ኤሌክትሪክ ማሞቂያው እንደተዘረጋ ቀርቷል።

የሮቤ ከተማ ሰው ማሽኑን ገና አልለመደውም። ስለዚህ እዚያ የተመደበ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ያሳያል፤ ለአፍታም ዞር ማለት አይችልም። ከተራራው የሚወርደው ንፋስ በሩ በተከፈተ ቁጥር እግሩን ይቆረጥመዋል። ካሸር ላይ የተመደበ ግን ወንበር አለው። ማሞቂያው የተገዛውም ማሽን ላይ ለሚቆመው ሰው ነበር።

የመብራት ባለሙያው ማሞቂያውን ፈትቶ አሳያት። «ይኸው። ሽቦው ሆን ተብሎ ከብረቱ ጋር ታስሯል።»

ማሞቂያው ሐሙስ ማታ እስከ መዝጊያ ድረስ በደንብ ሠርቷል። ከመዝጊያ በኋላ ውስጥ የቆዩት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ማሽኑን ያጠፋችው ገላኔ፣ ዘበኛው ኦቦ ቀነዓ፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ደምመላሽ።

ገላኔ ሐሙስ ከኪሩቤል ጋር ስትጣላ ተሰምታ ስለነበር፣ ፖሊሶቹ እሷን ለመውሰድ መኪና አስነስተው ነበር።

«ትናንት ለኪሩቤል ምን አልሽው?» አለቻት ሲምቦ።

«‹እዚያው ማሽንህ ላይ ድፍት በል› አልኩት።» ገላኔ አንገቷን ደፋች። «ለቅዳሜ ልጄን የሚይዝልኝ አጣሁ፤ ተራዬን ያዝልኝ ብዬ ብለምነው ሳቀብኝ። አፌ ነው እንጂ ልቤ አይደለም፣ ኢንስፔክተር! ልጄ ሰባት ወሩ ነው። ጎረቤት ጋ ትቼው ነው የወጣሁት።»

የሸሚዟ ደረት ወተት አርሶታል። ሲምቦ አይታ እንዳላየች ሆነች።

«መኪናው ይጠብቅ» አለች።

ግድግዳው ላይ የሳምንቱ ምድብ ተሰቅሏል። ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ሰሌዳው ‹ዓርብ፣ ማሽን፣ ዲኖ› ይላል። ኪሩቤል እዚህ ምን ይሠራ ነበር?»

ካሸሩ ዲኖ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጦ ይነሣል፤ ተነሥቶ ይቀመጣል። «ዓርብ ጁምዓ አለብኝ» አለ። «ከማሽን መውጣት አይቻልም፤ ካሸር ላይ ግን ለሌላው አስይዘህ ትወጣለህ። ዓርብ ዓርብ ኪሩቤል ይቀይረኛል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲስም እኔ እቀይረዋለሁ።»

«ማን ያውቃል ይህን?»

«ማን የማያውቅ አለ?» አለ ኦቦ ቀነዓ። «ውጭ ያለችው ሽንኩርት ሻጭ እንኳ ታውቃለች። አቶ ደምመላሽ ይጽፋል፣ እኛ እንኖራለን።»

«እሱስ ያውቃል?»

ዘበኛው አገጩን አከከ። «ዓርብ ዓርብ ጎባ መጋዘን ነው የሚውለው። ዛሬም ደውዬ ነው ያስመጣሁት።»

«ሲደውሉ ምን አሉት?»

«‹ሰው ሞቷል፣ ቶሎ ይምጡ› አልኩ። ከዚያ ካርዴ አለቀ።»

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል አንዲት እናት ነጠላዋን እየጎተተች ገባች። «ያ ረቢ! ልጄን! ዲኖን አሳዩኝ!»

«ሃርሜ! እኔ አለሁ!» ዲኖ ዘሎ አቀፋት። እናቱ ጁሀራ ፊቱን በሁለት እጇ ደባብሳ፣ አላምን ብላ እንደገና ደባበሰችው።

ሲምቦ ለእናትየው ወንበር ሰጥታ ሁሉንም የካሸሩ ጠረጴዛ አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ደምመላሽ በሩ አጠገብ ቆመ።

«እናቴ፣ ልጅሽ ሞተ ያለሽ ማን ነው?»

«አለቃው! ጊኒር ድረስ ደወለልኝ። ‹ማሞቂያው ይዞ ገደለው፤ የአላህ ውሳኔ ነው። ምርመራ ሳያጉላላሽ ዛሬውኑ ወስደሽ ቅበሪው› አለኝ።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

ጁሀራ ስልኳን ለልጇ ሰጠችው። «ሁለት ሰዓት ከሃያ» ብሎ አነበበ።

ሲምቦ ወደ ደምመላሽ ዞረች። «እርስዎ ያን ጊዜ ጎባ ነበሩ።»

«ሰሌዳዬን አስታውሼ ዲኖ መሰለኝ» አለ። «መሳሳት ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ግን ኦቦ ቀነዓ ‹ሰው ሞቷል› ብቻ ነው ያሉዎት። ማሽኑ ጋ መሆኑን ማን ነገረዎት? የገደለው ማሞቂያው መሆኑንስ?»

ደምመላሽ ዘወር ብሎ ወደ ውጭ አየ።

«ገላኔም ኦቦ ቀነዓም ዓርብ ማሽን ላይ የሚቆመው ኪሩቤል መሆኑን ያውቃሉ። ዲኖ ይቆማል ብሎ የሚያምን ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ምድቡን የሚጽፈው። ወጥመዱ የተዘጋጀው ለዲኖ ነበር። ሙስሊም በዕለቱ ስለሚቀበር፣ ሬሳው ሳይመረመር ጊኒር አፈር እንዲለብስ አስበዋል። የማያውቁት ሠራተኞችዎ እንዴት እንደሚተሳሰቡ ነው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ዲኖ፣ ምን አየህበት?»

«የሕፃናት ወተት» አለ ዲኖ፣ እናቱን እንደያዘ። «ጊዜው ያለፈበት ቆርቆሮ ላይ አዲስ ቀን ሲለጥፍ አየሁት። ለባለቤቱ እናገራለሁ ስለው፣ ‹እስከ ዓርብ ታገሠኝ፣ ሁሉንም አነሣዋለሁ› አለኝ። ታገሥኩት። ኪሩቤል በእኔ ቦታ...» ፊቱን ወደ እናቱ ትከሻ አዞረ።

ደምመላሽ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደ። ኦቦ ቀነዓ በዱላው መንገዱን ዘጋ። «እዚሁ ይቁሙ፣ አለቃ። ዛሬ ማሽኑ ላይ የእርስዎ ተራ ነው።»

ፖሊሶቹ ደምመላሽን በካቴና አሰሩት። ሲምቦ ገላኔን፣ «ሂጂ፣ እህቴ፣ ልጅሽን አጥቢ» አለቻት።

ገላኔ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ዓይኗ የወተቱ መደርደሪያ ላይ ተተክሏል።

«ሮብ ማታ አንድ ቆርቆሮ ወስጃለሁ» አለች። «ካለቀሰ ስጪው ብዬ ለጎረቤቴ ለፀሐይ ሰጥቻታለሁ።»

ሲምቦ ስልኳን አቀበለቻት። ገላኔ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። በሦስተኛው ጠራ። ጠራ። ጠራ።

«ፀሐይ! ቆርቆሮውን ከፈትሽው?»

ድምፁ ለሁሉም ይሰማል። «ኧረ አንቺ የት ጠፋሽ! ልጁ ጩኸቱን አቀለጠው። ውሃ አፍልቼ፣ መክፈቻ ፍለጋ ቤትሽን ሳተራምሰው...»

«አትክፈቺው! እንዳትከፍቺው!»

«እሺ ምነው? አልከፈትኩትም። መክፈቻሽን አጣሁት።»

ገላኔ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እጇን የሥራ ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተተች። መክፈቻውን አወጣችው። ትናንት ምሳ ላይ ኪሩቤል የዓሣ ቆርቆሮ እንዲከፍትበት ከቤቷ አምጥታ ያዋሰችው፣ ከጠባቸው በኋላ ሳያናግራት የካሸር ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦላት የሄደው ነው።