የአባቴ ላዳ መሪ የቀለለ ዕለት

ከሁሉ በፊት እኔን እወቁኝ፣ የመኪና ኤሌክትሪሻን ነኝ፣ ሰበታ አንድ ጋራዥ ውስጥ እሠራለሁ፣ መብራት አልበራ ሲል ወይ ሽቦ ተቆርጧል ወይ ባትሪ ሞቷል እንጂ ዓይን በልቶት ነው ብዬ ደንበኛ መልሼ አላውቅም። ጋራዥ ደግሞ ወሬ አያጣም፣ አንዱ ቆሞ ያደረ መኪና በራሱ ጡሩምባ ነፋ ይላል፣ ሌላው ከገደል በወጣ መኪና ውስጥ ሰው ሲያስነጥስ ሰማሁ ብሎ ይምላል፣ እኔ ጡሩምባውን ፈትቼ ውሃ የገባበትን ቦታ አሳየዋለሁ፣ ላስነጠሰው ደግሞ ይማርህ በለው እላለሁ። በዚያ ላይ ጴንጤ ነኝ፣ በእኛ ቤት ስለ መንፈስ የሚወራው ውጣ ሲባል ብቻ ነው። ስለዚህ ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ እስቅበት ነበር፣ እናንተም ብትስቁ አልቀየምም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

አባቴ ጋሽ ደሳለኝ የተሳቢ ሹፌር ነበር፣ በልጅነቱ ከሆሳዕና መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ የጎጃምን መንገድ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ሲወጣ አንዲት አሮጌ ላዳ ገዛና ፉሪ ያለው ግቢያችን ውስጥ አቆማት፣ ጠዋት ተነስቶ ሲያጥባት ሲወለውላት እናቴ በሕይወት ሳለች የቀናች መስላ ትስቅበት ነበር። ዓምና ቀኝ እጁን ስትሮክ ነካው፣ ጌታ ይመስገን እግሩም ዓይኑም አፉም ተረፈ፣ በተለይ አፉ፣ ሐኪሙም መሪው ቀላል ከሆነ መንዳት ይችላሉ አለው፣ ግን ያ እጅ ብርጭቆ ያነሳል እንጂ ምንም አይጎትትም።

በዚያው ሰሞን የላዳዋ ሞተር አለቀ፣ እኔና የጋራዡ ልጆች የኮሮላ ሞተር ቀየርንላት፣ እመኑኝ ዳገት ላይ አዳዲሶቹን ጥላ ትወጣ ጀመር። ችግሩ መሪው ነው። አዲሱ ሞተር ከበድ ያለ ስለሆነ አፍንጫዋን ተጫናት፣ እኛም ለጉልበቷ ይመጥናል ብለን ሰፋፊ ጎማ አሰርንላት፣ ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ቆማ መሪ ማዞር ለእኔ ለጤነኛዋ እንኳ ወገብ የሚቆርጥ ሆነ። አባቴ አንድ ቀን ከግቢ ሊያወጣት ሞከረ፣ መሪው ግማሽ ዞሮ ቀረ፣ ወረደና ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሬድዮ ከፈተ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ መኪናዋ አንስቶ አያውቅም፣ አባቴን ስለማታውቁት ነው እንጂ ዝምታው ያስፈራል።

የኦቦ ዳባ ሞት የመጣው ይህን ጊዜ ነው። ኦቦ ዳባ የአባቴ ረዳት ነበር፣ የጫንጮ ሰው፣ ልጅ ሆኜ አንቱ ስለው "አንቱ ለአባትሽ በይ፣ እኔ ጓደኛሽ ነኝ" እያለ ስላስለመደኝ አንተ ነው የምለው። ስለ ሥራቸው አንድ ነገር ልንገራችሁ። የድሮ ተሳቢ መሪው እንደ ድንጋይ ነበር፣ ዓባይ በረሃ ጥምዝ ላይ ሹፌር ብቻውን አይችለውም፣ ረዳቱ ከጎኑ ተንበርክኮ መሪውን አብሮት ይጎትታል፣ አባቴ "ሃርኪሲ" ይላል፣ በኦሮምኛ ሳብ ማለት ነው፣ ዳባ ይስባል፣ ጥምዙ ያልፋል። ወደ ኋላ ሲሆኑ ደግሞ ዳባ ይወርድና የመኪናውን ጎን በመዳፉ ሁለቴ ይመታል፣ ና ማለት ነው፣ አንዴ ከመታ ቁም። ያን ሁሉ ዘመን በአራት እጅ ነው የነዱት ማለት ትችላላችሁ።

አባቴ ቀብሩ ላይ አልነበረም። መኪና ልከራይልህ፣ ሚኒባስ እንያዝ፣ እኔ ልንዳህ ብዬ ለመንኩት፣ አንዱንም እሺ አላለም። በመጨረሻ "እኔ ዳባ ቤት ተሳፋሪ ሆኜ አልገባም" አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኩራት ነው እንዳልል ዓይኑ ላይ እፍረት አየሁ። የዕድሜ ልክ ጓደኛው ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ምን እንደሚባል ደግሞ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ቀን በሄደ ቁጥር የሟቹን ሚስት የአዴ ጫልቱን ፊት ማየት እየከበደው ነበር።

እኔም እልህ ያዘኝ። በዘይት የሚሠራው ፓወር ስቲሪንግ ሞተሩ ላይ ፓምፕና ቺንጋ ይፈልጋል፣ እኛ ደግሞ ትልቁን ሞተር ጠባብ ቦታ ላይ ስለጠቀጠቅነው ጣት የሚያስገባ ክፍተት የለም። የኤሌክትሪኩ ግን ከሞተሩ ጋር ጉዳይ የለውም፣ ከዳሽቦርዱ ሥር መሪው ዘንግ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ሞተር ናት፣ ሹፌሩ ወደየት ሊያዞር እንደፈለገ ከእጁ ታውቅና ታግዘዋለች፣ የምትጠይቀው ባትሪ ብቻ ነው። ከተጋጨ ቪትዝ የወጣ ሙሉ የመሪ ዘንግ ቡራዩ አገኘሁ። ከላዳዋ ዘንግ ጋር የሚያገናኘውን ክሮቼራ ቶርኖ ቤት አስቀረጽኩ፣ በየዳ ይሻላል ያሉኝ ነበሩ፣ እኔ መሪ ላይ በየዳ አልወድም፣ ጥርስ አስወጥቼ በብሎን ነው ያሰርኩት። የፊቱን የተሳፋሪ ወንበር ፈትቼ አወጣሁና በጀርባዬ ተኝቼ ሽቦውን ከባትሪ እስከ ዘንጉ ዘረጋሁ፣ የጋራዡ ወንዶች በአጠገቤ ሲያልፉ ላዳ ፓወር ካላት እኛም ክንፍ እናበቅላለን እያሉ ይስቃሉ። ጨርሼ አብርቼ ስነካው ያቺ ሞተር ቀጭን የትንኝ ድምፅ አሰማች፣ መሪው በአንድ ጣት ዞረ። የሳቁብኝን ሁሉ ጠራሁና በየተራ በትንሿ ጣታቸው አስዞርኳቸው፣ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ደረቴ ይነፋል።

ማታ ነድቼ ፉሪ ወሰድኳትና ለአባቴ ነገርኩት። ጠዋት ገና ሳይነጋጋ ስነሳ ካፖርቱን ለብሶ፣ ጫማውን ጠርጎ፣ መሪው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ቆይ ወንበሩን ልግጠም ብለው "ወንበሩ ይቆይ፣ ከኋላ ግቢ" አለኝ፣ ጃኬቴን ደርቤ ሮጬ ገባሁ። የግቢያችን በር ጠባብ ነው፣ ለመውጣት ቆሞ ሙሉ ማዞር ይጠይቃል፣ አባቴ ግራ እጁን መሪው ላይ አደረገ፣ ቀኙንም ለወጉ ያህል ደገፍ አደረገው፣ መሪው ዞረ። ሳይከብድ ዞረ። ከኋላ ሆኜ እንባዬ መጣ፣ አንቺ ምህረት ጎበዝ ነሽ አልኩ ለራሴ፣ ሌላ የሚለኝ አልነበረማ። የትንኟን ድምፅ አልሰማኋትም፣ የትልቁ ሞተር ጩኸት ውጧት ነው ብዬ አለፍኩት።

አዲሱ ገበያን አልፈን የእንጦጦን ዳገት ስንጀምር ጉም ወረደብን፣ ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና መብራቱ ብቻ ነው የሚታየው። የመጀመሪያው ከባድ ጥምዝ ላይ አባቴ ከአፉ አምልጦት "ሃርኪሲ" አለ። ፈገግ አልኩ፣ የድሮ ልማድ ነው። ወዲያው ግን ሰው ከባድ ነገር ሲጎትት የሚያወጣው ዓይነት ትንፋሽ ሰማሁ፣ እህ የሚል፣ ከፊት በስተቀኝ፣ ወንበሩ በሌለበት በኩል። አባቴ ነው ብዬ እንዳልተው እሱ ያን ሰዓት ስለ ጉሙ እያወራኝ ነበር፣ ሰው እያወራ አያቃስትም። ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ወደዚያ ባዶ ቦታ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ወለሉ ላይ የላስቲክ ምንጣፍ አለ፣ መኪናዋ ስትዞር ምንጣፉ ሁለት ቦታ ላይ ጎድጎድ ብሎ ተጫነ፣ ጥምዙ ሲያልቅ ቀስ ብሎ ተነሳ። መንገዱ ነው፣ ንዝረቱ ነው አልኩ። ሦስተኛው ላይም እንዲሁ ሆነ፣ ከዚያ በኋላ ማየቱን ትቼ በልቤ መዝሙር ጀመርኩ።

ሱሉልታ ስንወርድ ጉሙ ተገለጠ፣ ሯጮቹ ጥግ ጥጉን ተሰልፈው ይሮጣሉ፣ አባቴ ጡሩምባ ነፋላቸውና በመስኮት እጁን አወጣ፣ ፊቱ እንደ ድሮው ሆኖ ነበር። አንተ ሹፌር ብዬ አሾፍኩበት፣ ሳቀ። ያን ሳቅ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር፣ ፍርሃቴን ሁሉ ረሳሁ።

ጫንጮ ደርሰን የኦቦ ዳባ ግቢ በር ላይ አባቴ መኪናዋን አዞረና በኋላ ማርሽ ሊያስገባት ተዘጋጀ፣ ድሮም እዚያ ቤት የሚገባው በኋላ ነው፣ ዳባ እየመራው። ልውረድና ልይልህ ብዬ በሩን ልከፍት ስል የመኪናዋ ጎን ሁለቴ ተመታ። በመዳፍ ነው፣ ጠጠር አይደለም፣ እኔ የቆርቆሮ ድምፅ አይጠፋኝም። ዞሬ ግራ ቀኝ አየሁ፣ ሰው የለም። አባቴ ምንም እንዳልተፈጠረ መሪውን እስከ መጨረሻ አጥፎ ወደ ኋላ ገባ፣ ገባ፣ አንዴ ሲመታ ፍሬን ያዘ። ወርጄ ሳይ በመኪናዋ ጀርባና በግንቡ መሃል ያለው እጅ አያስገባም።

አዴ ጫልቱ ከቤት እየሮጡ ወጡ፣ ነጠላቸው መሬት ይጎተታል። እኔንም አባቴንም ሰላም አላሉም፣ መኪናዋን ነው የሚያዩት። "ኤኙ?" አሉ፣ ከዚያ በአማርኛ "ማነው የመታው? አሁን መኪናውን ማነው የመታው?" አሉኝ። አባቴ ወርዶ አቀፋቸውና ሁለቱም አለቀሱ።

ቤት ውስጥ ጎረቤቶችና ጥቂት የድሮ ሹፌሮች ነበሩ፣ ቦታ ለቀቁልን፣ ስለ ሟቹ ተወራ። ከሹፌሮቹ አንዱ አባቴን ማን እንዳመጣው ጠየቀው። እኔ ሽቦ ልማር ብዬ በተነሳሁ ጊዜ ስንት ቀን ያኮረፈኝ አባቴ፣ ለጎረቤት ሥራዬን ሲጠየቅ ቢሮ ናት እያለ የሚያልፈኝ አባቴ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በግራ እጁ አሳየኝ።

"ራሴ ነድቼ ነው የመጣሁት። እጄ አልቆ ነበር፣ ሹፌርነቴም አልቆ ነበር። መሪውን ያቀለለችልኝ ይቺ ልጄ ናት፣ በእጇ ነው የሠራችው።"

ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ መረቁኝ። ጉንጬ ጋለ፣ እጄን የማደርግበት አጥቼ ጃኬቴ ኪስ ከተትኩት፣ አንድ ነገር ነካሁ። የመሪዋ ፊውዝ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ እኛ ሙያ ውስጥ ከባትሪ በቀጥታ የተሳበ አዲስ መስመር እስኪታመን ድረስ መኪና ሲያድር ፊውዙ ይነቀላል፣ ነቅለን ኪሳችን እንከታለን፣ ጠዋት እንመልሳለን፣ እኔም ማታ ነቅያለሁ፣ ጠዋት ግን አባቴ አጣድፎኝ ሮጬ ነው የገባሁት። የመሪዋ ሞተር ከፉሪ እስከ ጫንጮ አንድ ጊዜ እንኳ ኤሌክትሪክ አላገኘችም። ሰው ሁሉ ተባረኪ ሲለኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከአባቴ አፍ የጠበቅሁትን ቃል ስሰማ፣ ያቺን ሚጢጢ ፕላስቲክ በላብ በራሰ እጄ ጨብጫት ነበር።

ሽንት ቤት የምሄድ መስዬ ወጣሁ። ሹፌሩ ቦታ ተቀመጥኩና ሞተሩን አስነስቼ መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩት። ልብ በሉ፣ ፊውዝ ከሌለ ያቺ ሞተር አታግዝም ብቻ ሳይሆን ራሷም ሸክም ትሆናለች፣ መኪና ሲሮጥ መሪ እንደሚቀልም አውቃለሁ፣ ግን የግቢያችን በር ላይ ላዳዋ ቆማ ነው የዞረችው፣ እዚህም በር ላይ እንዲሁ። ጥርሴን ነክሼ ሳብኩ፣ ትከሻዬ እስኪያመኝ ሳብኩ፣ ትንሽ ነቅነቅ ብሎ ቆመ። ኮፈኑን ከፍቼ ፊውዙን ሰካሁ፣ ተመልሼ ስነካው የትንኟ ድምፅ መጣች፣ መሪው በጣቴ ዞረ። ሥራዬ ትክክል ነበር፣ እሱን ማንም አይወስድብኝም። ኮፈኑን ዘግቼ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ለአባቴ አልነገርኩትም፣ እንዴት ብዬ ልንገረው፣ ያ ቀን የእሱ ነው፣ የእኔም ነው። ከሰዓት በኋላ አዴ ጫልቱን ተሰናብተን ወጣን፣ አሁንም ከኋላ ነው የተቀመጥኩት። ሱሉልታን አልፈን የእንጦጦን ቁልቁለት ስንይዝ ፀሐይ ነበረች፣ ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ ይታያል፣ የትንኟ ድምፅም በየጥምዙ በግልጽ ይሰማኛል፣ እኔም ምንጣፉን ላለማየት በመስኮት ውጭ ውጭውን አያለሁ። አባቴ አንዱን ጠባብ ጥምዝ በግራ እጁ ብቻ ልክክ አድርጎ ከዞረ በኋላ በመስታወቱ አየኝ።

"ምህረት" አለኝ፣ "ስንመጣ እንዲህ አልቀለለም ነበር። አሁን ሁለት ሆናችሁ ነው የምታግዙኝ?"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው፣ ከሁለቱ አንዷ እኔ ነኛ። ፍርሃቱ የመጣው ቀጥሎ ነው። ትከሻው ላይ እጄን ላሳርፍ ዘርግቼ ነበር፣ በመሃል ሌላ እጅ እንዳልነካ ብዬ ሰበሰብኩት፣ ሌላው ማን እንደሆነ ግን ያኔም አልጠየቅሁትም፣ እስከ ዛሬም አልጠየቅሁትም።