ድልህ የተቀባችው ልጄ

እኔን የሚያስደነግጥ ነገር ከእንጦጦ በታች ገና አልተፈጠረም፣ ይህን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም፣ የሸጎሌ ጅብ እንኳ ሲያየኝ መንገድ የሚለቅልኝ ሰው ነኝ፣ መንፈስ ምናምን የሚሉትን ወሬ ደግሞ ሥራ የፈታ ሰው ፈጠራ ነው እያልኩ ስስቅ ነው የኖርኩት። እንግዲህ ስማኝ።

የሰፈራችን ልጅ ቴዲ በተዋሰው ካሜራ ፊልም ሠራ፣ ቤተሰቧን በቢላ ስለምትፈጅ የሰባት ዓመት ልጅ። ገዳይዋ የኔዋ ሶስና ነበረች። ቢላው ካርቶን፣ ደሙ የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ ድልህ፣ እመነኝ፣ ቀረጻው ሲያልቅ የተረፈውን ደም ሰፈሩ ተሰብስቦ በዳቦ በልቶታል! ሟቹ አባት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ልጄ ከጓዳ "አባዬ" ብላ ትጠራኛለች፣ "አቤት" ብዬ እገባለሁ፣ እታረዳለሁ፣ በቃ።

ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ጉዱን ተመልከት፣ የሰፈሩ እናቶች ሶስናን ባዩ ቁጥር ልጆቻቸውን ወደ ቤት ይሰበስቡ ጀመር። ልጄ የምትዘልበትን ገመድ ይዛ በር ላይ ብቻዋን ስትቀመጥ ደሜ ፈላ። ድልሁን የበሉት እነሱው አይደሉም እንዴ!

እሑድ ከሰዓት ሁሉንም ሳሎኔ ሰበሰብኳቸው፣ ፊልሙን አብረን አይተን ይህ ቅሌት እንዲያበቃ። ሶስናን አጠገቤ አስቀመጥኳት።

"ጋሽ ሱልጣን፣ እርስዎም? ከሱቅዎ ከረሜላ ስትገዛ ያደገች ልጅ!"

"እኔ ምን አልኩ ወንድሜ፣ የልጅ ልጄ ነው በሕልሙ እየጮኸ ያስቸገረኝ።"

"ድልህ አምሮት ይሆናላ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እትዬ አስካለ ብቻ አልሳቁም።

"አንተ ቀልድ። የሚጠራህን ሳታይ አቤት አይባልም፣ ፊልም ቢሆንም።"

ፊልሙ ውስጥ ልጠራ ጥቂት ሲቀረኝ መብራት ጠፋ። መብራት መጥፋት ለጉለሌ ብርቅ አይደለም። ከጓዳ ግን የድስት ክዳን ኳ አለ፣ ቀጥሎ የትንሽ እግር ኮቴ፣ ቀጥሎ "አባዬ"።

የሶስና ድምፅ ነው። ሶስና ግን እጄን ይዛ፣ አፏን ገጥማ ተቀምጣለች፣ በመስኮቱ ብርሃን ሁላችንም አየናት።

"ፊልሙን በስልኩ የከፈተ ሰው አለ?" አለ ቴዲ። ማንም አልከፈተም።

"አባዬ።"

"ቢስሚላህ" አሉ ጋሽ ሱልጣን። እኔ ግን አንዱ ወጠጤ በልጄ ላይ እያሾፈ ነው ብዬ ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ፣ "አቤት!" ብዬ አምባረቅሁ።

ከዚያ የጓዳው መጋረጃ ወደኛ አበጠ፣ ሰው ከኋላው እንደቆመ ዓይነት፣ ግን እስከ ወገቤ ቁመት ብቻ።

ቀጥሎ የማስታውሰው በባዶ እግሬ አስፋልት ላይ መቆሜን ነው፣ እትዬ አስካለን ገፍትሬ፣ ከሁሉም ቀድሜ፣ ልጄን እዚያው ጥዬ። ሶስና ከሁሉም በኋላ ቀስ ብላ ወጣች፣ ጫማዬን ይዛልኛለች።

"አባዬ፣ ለምን አቤት አልካት?"

ጓዳውን በርብረን ምንም አላገኘንም፣ ሌላ በርም የለውም። ጎረቤቶቼ ግን አፏን መግጠሟን በዓይናቸው ስላዩ ልጆቻቸውን መልሰው ለቀቁላት፣ ዛሬ ገመድ ስትዘል ትውላለች። በሰፈሩ ሶስናን የሚፈራ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። ማታ ማታ የመኝታ ቤቴን በር ከውስጥ እቀረቅራለሁ፣ ልጄ "አባዬ" ስትለኝም ወጥቼ ፊቷን እስካይ ድረስ አቤት አልላትም።